«የእኛ» የተባለው ግድግዳ

ሰባ ዓመት ኖሮ የሞተ ሰው፣ ኖሮ ኖሮ ምን ሆነ ይባላል? ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ፍልስፍና ያስተምሩን የነበሩ ሰው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉልንና መልሱን ሳይነግሩን ደወል ተደወለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ ገልጫለሁ፤ መልስ የሰጠ ሞልቷል፣ ያሳመነኝ ግን የለም። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ጥያቄው ተመልሶ ሲመጣብኝ በዓይኔ ላይ የሚዞረው መጽሐፍ አይደለም። አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው የተቀመጡ፣ ኦቦ ሌታ ዳዲ የሚባሉ የአምቦ አናጢ አሉ።

ኦቦ ሌታ ሹመት አላዩም፣ ጦር ሜዳም አልዋሉም። ስማቸው ያረፈባቸው ወረቀቶች እስከማውቀው ሁለት ናቸው፤ አንድ ውልና አንድ ማመልከቻ። ሁለቱንም የጻፈላቸው ሰው አንድ ነው፤ ሁለቱም ስለ አንድ ግድግዳ ናቸው። ታሪካቸውን ልጻፍ ስል ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ብዙ የምጨምረው የለኝም፤ ግን ከብዙ ባለታሪክ ይልቅ የምናፍቃቸው እሳቸውን ነው።

የተወለዱት ግንደ በረት፣ ካቺሲ አጠገብ ነው። ጣሊያን ከወጣ በሦስተኛው ዓመት መጋዝና መጥረቢያ ተሸክመው አምቦ ገቡ። የመንግሥት ቢሮ ከተማውን በየደብዳቤው «ሃገረ ሕይወት» እያለ ይጽፈው፣ ሰው ግን «አምቦ» ማለቱን አልተወ፤ ኦቦ ሌታም ሁለቱን ስሞች ሳይለዩ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ቤት መትከላቸውን ቀጠሉ። ቋሚው ከጭልሞ ደን የመጣ ጥድ፣ ማገሩ ጠበቅ ያለ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ሰንብቶ ደጋግሞ የተረገጠ ከሆነ፣ ሳይጠየቅ የሌታ ሥራ ነው ይባል ነበር። በ1938 ለራሳቸውም አንድ ሠሩ፤ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጌጤነሽ ጋር ገቡበት። ልጅ አልወለዱም። ጌጤነሽም ዕድሜ አላገኙም፤ በስምንተኛው ዓመት ሞቱና ኦቦ ሌታ ብቻቸውን ቀሩ።

ስለ አነጋገራቸው እዚህ ላይ ካልተናገርሁ የሚመጣው ነገር አይገባም። ከኦቦ ሌታ አፍ «የእኔ» የሚል ቃል አይወጣም ነበር። ባደጉበት ቤት የራስን ነገር «ኮ»፣ ማለትም «የእኔ»፣ እያሉ መጥራት ስስት ይመስል ነበርና ቤቱም ከብቱም «ኬኛ» ነው፣ «የእኛ» እንደ ማለት። ይህን ብዙ ሰው ያደርገዋል። ኦቦ ሌታ ግን አበዙት። ጥርሳቸውን ሲያማቸው «ጥርሳችን አመመን» ይላሉ። ጫማ ሲጠብባቸው «እግራችን ወፍሯል» ይላሉ። በኦሮምኛም በአማርኛም ያው ነው። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካይ ቤት ገብተው «ፀጉራችንን ቁረጥልን» ቢሉት ሰውየው ሌሎቹ ሰዎች እስኪመጡ ቁጭ ብሎ ጠበቀ ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

በ1941 በጎናቸው ባለው ባዶ ቦታ ወይዘሮ ዘነበወርቅ መጡ። ባላቸው የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ለሥራ ወደ ባኮ ወርዶ ወባ ይዞት ሞተ። ሰው ሁሉ ወደ አገራቸው ወደ መንዝ ይመለሳሉ ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ከማዘጋጃ ቤት ቦታ ተመርተው መጡ። ያላቸው አንድ በእግር የሚሠራ ሲንጀር መኪናና የሦስት ግድግዳ እንጨት ነው። ቤት አራት ግድግዳ እንደሚፈልግ አላጡትም። አራተኛውን ግን ተሠርቶ ቆሞ አዩት።

«ኦቦ ሌታ፣ በግድግዳዎ ልጠጋ?» አሉ።

ኦቦ ሌታ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይጠጉ። ግድግዳችን ሰነፍ አይደለም፤ ሁለት ቤት ይችላል» አሉ። ሆኖም አናጢ ናቸውና ሳይለኩ አይቆርጡም፤ ነገሩ በወረቀት ይሁን ብለው ተያይዘው ወደ ባይሳ ሄዱ።

ባይሳ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከዛፍ ሥር የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ሰው በኦሮምኛ ይነግረዋል፣ እሱ ብዕሩን ሳያነሳ በአማርኛ ያወርደዋል። ኩራቱ አንድ ነበር፤ «ሰው ያለውን እጽፋለሁ፣ ያላለውን አልጨምርም» ይላል። ኦቦ ሌታ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ኬኛንኒ ኩን ከን ኬኛ ቲ» አሉት። በኦሮምኛ ግድግዳ «ኬኛን» ነው፤ ስለዚህ አባባሉ ዜማ አለው፤ ባይሳ ዜማውን ወደደው። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ ግድግዳው የኦቦ ሌታ ነው፣ ሴትዮዋ በፈቃድ ተጠግተዋል። ባይሳ ግን ያልተባለውን አይጨምርም። «በመካከል ያለው ግድግዳ የእኛ ነው» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሁለቱም አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ጮክ ብሎ ሲነበብ ኦቦ ሌታ «ልክ ነው፣ የእኛ ነው» አሉ። ወይዘሮ ዘነበወርቅም «ልክ ነው፣ የእኛ ነው» አሉ። አንዳቸው ግድግዳው የራሳቸው መሆኑን፣ ሌላቸው ግማሹ የሳቸው መሆኑን አረጋግጠው፣ ተመራርቀው ወደ ቤታቸው ገቡ። እንዲህ ያለ ስምምነት በመንግሥታት መካከልም እንደሚደረግ በኋላ ታሪክ ሳነብ ተረድቻለሁ፤ የእነዚያ ግን አሥራ ስምንት ዓመት አይቆይም።

የመጀመሪያው ጠብ የመጣው በሚስማር ነው። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ልብስ ሊሰቅሉ አንድ ረጅም ሚስማር ቢመቱ ጫፉ በኦቦ ሌታ በኩል፣ ከአልጋቸው በላይ ብቅ አለ። ኦቦ ሌታ አላወጡትም። ባርኔጣቸውን ሰቀሉበት።

«ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ በግድግዳችን ላይ ሚስማር መትተዋል» አሉ።

«በግማሼ ነው የመታሁት። አልፎ ከመጣ ሚስማሩን ይክሰሱት።»

«ባርኔጣችንን ሰቅለንበታል።»

«እንግዲያው ኪራይ ሳላስከፍልዎ ተስማምተናል።»

ቀጥሎ ልስን መጣ። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስቀል በኋላ፣ ሁለቱም በየበኩላቸው ግድግዳውን ይለስናሉ። ኦቦ ሌታ አንድ ጣት ቢያለብሱት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሁለት ጣት ያለብሱታል፤ የበለጠ የለሰነ የበለጠ ባለቤት የሚሆን ይመስል። ቤቶቹ እየጠበቡ ግድግዳው እየወፈረ ሄደ።

ደግሞ ቀዳዳው ነበር። አንድ ክረምት ዝናቡ በርትቶ፣ ከኦቦ ሌታ የሥራ ወንበር ፊት ለፊት ጭቃው ተፈነቀለና በሁለት ማገር መካከል አንድ ስንዝር የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ። ለመድፈን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ነገር ግን የደፈነው ሰው ግድግዳው የእኔ ነው ብሎ እንደ ማለት ሊቆጠርበት ሆነ። ኦቦ ሌታ ጭቃ አዘጋጅተው ሲመጡ ወይዘሮ ዘነበወርቅ «እንዳይነኩት» አሉ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጭቃ ሲያዘጋጁ ኦቦ ሌታ «ይተዉት» አሉ። ቀዳዳው በዚህ የሕግ ክርክር ተጠብቆ ኖረ። ግድግዳው ከሁለቱም ወገን ሲወፍር ቀዳዳውም እየረዘመ ሄደና እኔ ስደርስ እጅ እስከ ክርን ይገባበት ነበር።

እኔ የደረስሁት በ1959 ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተልኬ አምቦ አስተምር ነበርና ከኦቦ ሌታ ቤት አንዲቱን ክፍል ተከራየሁ። ትምህርት ያስተማርሁት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተማሪ እኔ ነበርሁ። በወዲህ በኩል ኦቦ ሌታ ለአንዱ በር ለሌላው በርጩማ ይሠራሉ። በወዲያ በኩል ወይዘሮ ዘነበወርቅ የተማሪዎችን ዩኒፎርም ይሰፋሉ፤ መኪናው ይንቀጫቀጫል። በመካከል ቀዳዳው ይናገራል።

«አንቺ ዘነበ፣ ጨው አለሽ? አልቆብናል።»

«ትናንት የወሰድከው የት ደረሰ?»

«በላነው።»

«ጨው በጭልፋ ነው የምትበላው? እጅህን አስገባ።»

አንድ ሰሞን ከቆየሁ በኋላ የጨዋታውን ሕግ አወቅሁት። ፍቅር ሲሆኑ «አንተ» እና «አንቺ» ይባባላሉ። ሲጣሉ «እርስዎ» ይገባል፤ ጠቡ ሲበረታ አክብሮቱም ይበረታል። ስለዚህ በተከራየኋት ክፍል ተኝቼ መጽሐፍ ሳነብ፣ ቃሉን ሳልሰማ እንኳ በአክብሮታቸው ብቻ ጠብ መሆኑን እለይ ነበር።

«ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ መኪናዎ ግድግዳችንን ነቀነቀው።»

«የሚነቀንቀው የራሱን ግማሽ ነው። ወደ እርስዎ ግማሽ እንዳያልፍ እነግረዋለሁ።»

«ግድግዳ ግማሽ የለውም።»

«ውሉ አለው።»

እንዲህ ሲሉ መጋቢት ደረሰ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሥራቸው ሰፍቶ ሁለት መኪና ጨምረዋል፤ ቆርቆሯቸው ግን አርጅቶ ክረምት በመጣ ቁጥር የሰው ጨርቅ ይበሰብስባቸዋል። የብሎኬት ቤት ለመሥራት ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ አወጡ። እውነት ነበራቸው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ፕላኑ ላይ ግን የመካከሉ ግድግዳ ፈርሶ በቦታው ብሎኬት ይቆማል ይላል፤ ውሉ «የእኛ» ስለሚል።

የኦቦ ሌታ ጣራ ወራጆች በሙሉ ያረፉት በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ከወረደ ጣራው ይወርዳል። በዋናው መንገድ ላይ ደግሞ የፈረሰን የጭቃ ቤት በጭቃ መልሶ መሥራት ክልክል ነበር፤ ብሎኬት የኦቦ ሌታ አቅም አይደለም። ስለዚህ ግድግዳው ቢፈርስ የሚቀራቸው አንድ ነገር ነው፤ መጋዛቸውን ጠቅልለው ካቺሲ መሄድና የወንድም ልጅ ቤት ጥግ ይዞ መቀመጥ።

«መምህር» አሉኝ ያን ቀን፣ «ካቺሲ ሄደን ምን እንሠራለን? እዚያ በር የሚያሠራን ሰው የለም። የሚያነጋግረን ሰውም የለም።»

ወጣት ነበርሁ። የበሩን ነገር ሰማሁና አዘንሁ፤ ሁለተኛውን አባባል አልሰማሁትም።

ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ባለሙያ ላከ። ሰውየው ሜትሩን ዘርግቶ የግድግዳውን ውፍረት ለካ። ደግሞ ለካ። «ይኼ ግድግዳ ነው ወይስ ክፍል?» ብሎ ጠየቀ። ቱንቢውን ከላይ ቢያወርደው ግድግዳው ወደ ወይዘሮ ዘነበወርቅ በኩል አዘንብሎ ተገኘ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ «ባለቤቱን ያውቃል» አሉ። ኦቦ ሌታ «ሊሰማሽ ብሎ ነው፤ ጮክ ብለሽ አትናገሪም» ካሉ በኋላ አንቺ ማለታቸው ትዝ አላቸውና «አይናገሩም» ብለው አረሙ። ባለሙያው ውሉን አንብቦ ራሱን ነቀነቀና በሽማግሌ ጨርሱ ብሎ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሁለቱ ቤቶች ፊት ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጉታ ናቸው። ገና ሲቀመጡ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ተነሡ።

«ዳኞች የተቀመጡበት አግዳሚ የማን ሥራ ነው?»

የኦቦ ሌታ ነበር። በአምቦ የእሳቸው ያልሆነ አግዳሚ መፈለግ ከባድ ነው።

«እንግዲያው በባላጋራዬ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ልትፈርዱብኝ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ራሳቸው የሰፉትን ጨርቅ አምጥተው አግዳሚው ላይ አነጠፉ፤ ከታች የሌታ፣ ከላይ የዘነበወርቅ ሆነና ፍትሕ መሃል ላይ ተቀመጠች።

ባይሳ ተጠራ። መነጽሩ በክር ተይዟል፤ ኩራቱ ግን እንደነበረ ነው።

«ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?» አሉ ኦቦ ጉታ።

«እኔ ነኝ።»

«‹የእኛ› የሚለው ማንና ማንን ነው?»

«ያሉኝን ነው የጻፍሁት።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ኦቦ ሌታ።»

«እንግዲያው የኦቦ ሌታ ነው ማለት ነው?»

«የፈረሙት ሁለት ናቸው።»

«እንግዲያው የሁለቱ ነው?»

«የተናገረው አንድ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ ምኑን ነው የጻፍኸው?»

«የተባለውን።»

ኦቦ ጉታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አንተ የተማርኸው ንገረን። ‹እኛ› ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ። ተነሣሁ። ስለ ቋንቋና ስለ ንብረት ያነበብሁትን ሁሉ ዘረገፍሁት። በሩቅ አገር ሁለት ዓይነት «እኛ» ያላቸው ቋንቋዎች እንዳሉ፣ አንደኛው «እኛ» የሚያዳምጠውን ሰው እንደሚጨምር፣ ሁለተኛው እንደማይጨምር በሰፊው አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝ።

«ጥሩ ነው። የእኛዎቹ ቋንቋዎች ስንት ስንት አላቸው?» አሉ ኦቦ ጉታ።

«አንድ አንድ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ተቀመጥሁ። ከዚያ ኦቦ ጉታ ኦቦ ሌታን ወደ ፊት ጠሯቸው። ኦቦ ሌታ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ምነው ሌታ፣ ዘገየህ?»

«ጉልበታችንን ቁርጥማት ይዞናል።»

ኦቦ ጉታ ዞር አሉና «ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ አንቺንስ ጉልበትሽን ያምሻል?» አሉ።

«እኔን? የእኔ ደህና ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ? ‹ጉልበታችን› ብሏል።»

ከኋላ የቆመው ሰው መሳቅ ጀመረ። ኦቦ ጉታ አላቆሙም። «ጥርስህስ ሌታ?» አሉ። «ጥርሳችን ካለቀ ቆየ» አሉ ኦቦ ሌታ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባቸው። «ያ የያዝኸውስ?» «ባርኔጣችን ነዋ።» ባይሳ እንኳ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። ሌታ «የእኛ» ሲል «የእኔ» ማለቱ እንደሆነ በጉልበቱ ተመስክሯል፤ ግድግዳው የሌታ ነው፤ ወይዘሮ ዘነበወርቅ አንድ ክንድ ርቀው በራሳቸው ቦታ የራሳቸውን ያቁሙ። ኦቦ ሌታ ቤታቸው ዳነ። ካቺሲ ቀረ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ አልተከራከሩም። ወደ አግዳሚው ሄደው ጨርቃቸውን ጎተት አደረጉ፤ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እስኪነሡላቸው ጠበቁና አጣጥፈው ያዙት።

«አሥራ ስምንት ዓመት ‹የእኛ› ሲል እኔም ያለሁበት መስሎኝ ነበር» አሉ። ይህን ያሉት ለማንም አልነበረም፤ ግን ሁላችንም ሰማን። ኦቦ ሌታ የባርኔጣቸውን ጠርዝ ማዟዟር ጀመሩ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ቤታቸውን አፈረሱ። ወራጁን ካወረዱ በኋላ ሚስማራቸውን በጉጠት ይዘው ነቀሉት። እኔ በወዲህ በኩል ነበርሁ፤ ባርኔጣው አልጋው ላይ ወደቀ። ኦቦ ሌታ አንስተው አቧራውን አራገፉና ወዴት እንደሚሰቅሉት ቆመው ያስቡ ጀመር። ቤታቸው ሚስማር አያጣም፤ ሳጥን ሙሉ አላቸው። ያን ዕለት ግን ባርኔጣው ወንበር ላይ ዋለ።

ብሎኬቱ ሲቆም የአገልግሎት ዘመኔ አለቀና ሄድሁ። ዲግሪዬን ይዤ በመምህርነት ተመድቤ በ1962 ተመለስሁ፤ ያችኑ ክፍል ተከራየሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ብሎኬትና ሲሚንቶ የመኪና ድምፅ አያሳልፍም፤ በመካከሉም አንድ ክንድ ባዶ አየር አለ። በመንገድ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ ኦቦ ሌታ?»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ?» ይባባላሉ። ይህን ስሰማ ጠብ የበዛ መስሎኝ ነበር። ጠብ እንኳ አልነበረም።

ቀዳዳው ግን አልተደፈነም። ኦቦ ሌታ የሥራ ወንበራቸውን ከፊቱ አላነሡም። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ በዚያ በረጅሙ ጉድጓድ መጨረሻ ላይ የሚታየው ግራጫ ብሎኬት ነው።

«አሁን ማን ይከለክልዎታል? ግድግዳው የእርስዎ ብቻ ነው። ብርድ ያስገባል፣ ይድፈኑት» አልኋቸው።

«መድፈን ቻልን። ስለቻልን እኮ ነው ያልደፈንነው።»

አንድ ቀን ጨው አጥቼ ቤት ውስጥ ብፈልግ፣ ከሥራ ወንበራቸው ሥር አንድ ትልቅ ጣሳ አገኘሁ። እስከ አፉ ጨው ነው፤ ከላይ ያለው አቧራ ለብሷል፣ ከሥር ያለው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ያ ሁሉ ዘመን በቀዳዳው የገባ ጨው ነበር። ጣሳውን ወደ ቦታው መለስሁና ጨው ከሱቅ ገዛሁ።

በ1964 ጥቅምት ላይ «መምህር፣ ከእኛ ጋር ወደ ባይሳ ና» አሉኝ። «እኛ» ሲሉ ሁለት ሰው ይሁኑ ብቻቸውን አልጠየቅሁም። ባይሳ እዚያው ዛፉ ሥር ነው። ወረቀት ዘረጋና ብዕሩን አየር ላይ አቆመ።

«ኦቦ ሌታ፣ ዛሬ ሳልጠይቅ አልጽፍም። በ‹እኔ› ነው በ‹እኛ›?»

«በእኛ።»

«የትኛው እኛ?»

መኪና አለፈ፤ ኦቦ ሌታ አቧራው እስኪቀመጥ ጠበቁ።

«የሁለታችን» አሉ። «የእኔና የእሷ።»

«የእኔ» ሲሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻውን በሳምንቱ መለሰው። በቀይ ቀለም ሁለት መስመር ተጽፎበታል፤ በፕላን ላይ የሌለ ቀዳዳ መፍቀድ አይቻልም፤ በተጨማሪም ሁለተኛዋ አመልካች አልፈረሙም። ኦቦ ጉታ ዘንድ ሄድን። «ለይተን የሰጠንህን ቀላቅሉልኝ ትላለህ? የፈረድሁበትን አፌን ምን ልበለው?» አሉና ለመንገዳችን ዳቦ አስይዘው ሰደዱን።

ለወይዘሮ ዘነበወርቅ ወረቀቱን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። መኪናቸውን ሳያቆሙ አነበብሁላቸው። «እንለምናለን» የሚለው ላይ ስደርስ እግራቸው ቆመ።

«ድገመው።»

ደገምሁላቸው።

«ይሄኛው ‹እኛ› እኔ አለሁበት?»

«አሉበት።»

ወደ ግድግዳቸው ዞር ብለው አዩ፤ ቀጥ ያለ፣ ቀለም የተቀባ፣ አንድ ጠባሳ የሌለበት ግድግዳ ነው። «አንድ ጊዜ በዚህ ቃል ላይ ጣቴን አሳርፌ አይቼዋለሁ» አሉ። «ደግሞ ባዲስ ቤት ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ብከፍት ሰው ምን ይለኛል?» መኪናውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ጨርቁ ግን ተጠምዝዞ ገባባቸውና ስፌቱን መተርተር ነበረባቸው። እዚያ ቆሜ ማየቱን አልወደዱትም፤ ወጣሁ።

«ምን አለች?» አሉ ኦቦ ሌታ።

«አስብበታለሁ ብለዋል» አልሁ። ፍልስፍና ስለ ውሸት ብዙ ጽፏል፤ እኔ ግን በዚህ አልጸጸትም።

ኦቦ ሌታ በ1965 ጥር ላይ ሞቱ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ መግነዙን በእጃቸው ሰፉ፤ በመኪና አይሆንም ብለው። ጎናቸው የነበረው የጭቃ ግድግዳ ዛሬ የለም፤ በዚያ መንገድ ላይ ኦቦ ሌታ ከሠሯቸው ቤቶች የቆመ አንድ እንኳ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ማመልከቻው ግን እኔ ዘንድ አለ። ከሥሩ በስተቀኝ የአንድ አውራ ጣት አሻራ አለ፤ በስተግራ ባይሳ ለሁለተኛው አሻራ ብሎ በብዕር ያከበባት ትንሽ ባዶ ቦታ አለች። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ለሃገረ ሕይወት ከተማ ማዘጋጃ ቤት። እኛ ጎረቤታሞች የሆንን አመልካቾች፣ በመካከላችን በቆመው ግድግዳ ላይ፣ ከወዲህኛው ቀዳዳ ትይዩ፣ እጅ የሚያስገባ አንድ ስንዝር ቀዳዳ እንዲከፈትልን በትሕትና እንለምናለን።»